የጥርስ ሐኪሙ ወጣት ሲሆን

ልጃችሁን ጥርስ ልታሳክሙ ሄዳችሁ ወጣት ሐኪም ሲመጣ «ሲኒየር ዶክተር የለም እንዴ?» ትላላችሁ። ስጋታችሁ ይገባኛል።

መጋቢት 2012 ኮቪድ አገራችን ሲገባ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተላኩ። ትምህርቱ ከቤት ይነበብ ይሆናል፤ ጥርስ መሙላትና መንቀል ግን እጅ ካልለመደው አይሆንም። መቦርቦሪያው ምራቅና ውሃ ስለሚረጭ ደግሞ በብዙ አገር የጥርስ ተማሪዎች ልምምድ ቀድሞ ከቆሙት ነበር። ታዲያ በዚያ ወቅት ከተማሩት አንዳንዶቹ በእጃቸው መተማመን ቢያንሳቸው ምን ይገርማል?

ግን መፍራትና አለመቻል አንድ አይደሉም። እኔ የምሰጋው ጠይቆ የሚሠራውን ሳይሆን ማንንም የማይጠይቀውን ነው። እናንተም «ይህን ከዚህ በፊት ሠርተዋል? ካስቸገረ የሚያግዝዎት አለ?» በሉ፤ መብታችሁ ነው። ራጁን አይቶ «ሲኒየር ላማክር» ካለ ጥላችሁ አትውጡ፣ ጠብቁት።