ኮምፒዩተሩ «ፎርማት» ከመደረጉ በፊት

በቦንጋ ከተማና በካፋ ዞን ወረዳዎች የሚኖሩ እናቶችና እኅቶች የቤታቸውን ጉዳይ የሚያስፈጽሙበት መንገድ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በእጅጉ ተለውጧል። ቀድሞ ለአንድ ማመልከቻ ጅማ ወይም አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ግን ለፓስፖርት ማመልከትም ሆነ የልጅን የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት መመልከት በእጅ ስልክ ወይም በኮምፒዩተር የሚጀመር ሥራ ሆኗል። ስለዚህ የቤተሰብ ሰነድና ማስታወሻ መቀመጫው ሳጥንና ቁም ሣጥን ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ሳጥኑን እንደምንጠብቀው ሁሉ ይህን አዲሱን መቀመጫ መጠበቅ አለብን ወይ? ከሆነስ እንዴት? የዚህ ሳምንት ዓምዳችን ስለዚሁ ጉዳይ ይመለከታል።

እናቶቻችንና አባቶቻችን በዳዊት መጽሐፋቸው ውስጥ ያነበቡበት ቦታ እንዳይጠፋባቸው የሚያስገቡት ክር ዕልባት ይባላል። የኢንተርኔት ገጾችን የምንከፍትባቸው እንደ ክሮምና ፋየርፎክስ ያሉ ፕሮግራሞች፣ ማለትም ብራውዘሮች፣ የራሳቸው ዕልባት አላቸው። በእንግሊዝኛ «ቡክማርክ» የሚሉት ነው። አንዲት ሴት ደግማ ልታነበው የምትፈልገውን ገጽ ስታገኝ የኮከብ ምልክቱን ትጫናለች፤ አድራሻውም ይመዘገብላታል። ብራውዘሩ ይህን መዝገብ ከሌሎች የግል ነገሮች ጋር አንድ ላይ ያኖረዋል። ይኸውም ያስቀመጥናቸው የይለፍ ቃሎች፣ ዓይን ለደከመው ሰው ያሳደግነው የፊደል መጠን፣ የመረጥነው ቋንቋና የጨመርናቸው መሣሪያዎች ሁሉ «ፕሮፋይል» በሚባል አንድ ፎልደር ውስጥ ይሰበሰባሉ። ፕሮፋይል ማለት ብራውዘሩ ለእርስዎ የለየልዎ ጓዳ ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ዕልባት ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን አንዲት በቦንጋ የምታስተምር እናትን ለምሳሌ እንውሰድ። ቀን ታስተምራለች፣ ማታ ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ትጽፋለች። ሁለተኛ ልጅዋ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆነ ሐኪሙ የመከራትን የአመጋገብ ገጽ፣ የኢንሱሊን አቀማመጥ የሚያስረዳውን ጽሑፍ፣ ለጥናቷም የሚያስፈልጓትን ጽሑፎች አንድ በአንድ ለሁለት ዓመት በዕልባት ይዛለች። ከዕለታት አንድ ቀን ኮምፒዩተሩ መንቀርፈፍ ይጀምራል። ወደ ጠጋኝ ይላካል፤ ጠጋኙም «ፎርማት» ያደርገዋል። ኮምፒዩተሩ በማግሥቱ እንደ አዲስ ፈጥኖ ይመለሳል። የሁለት ዓመቱ ስብስብ ግን የለም። የገጾቹን ርዕስ በቃሏ ስለማታውቀው እንደገና ልፈልገው ብትል እንኳ ከየት እንደምትጀምር ግራ ይገባታል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። «ፎርማት» ሲደረግ ዊንዶውስ የተጫነበት ክፍል በሙሉ ይደመሰሳል። ጠንቃቃ ጠጋኝ ከመደምሰሱ በፊት በዴስክቶፕ ላይ የሚታየውን፣ በዶክዩመንት ውስጥ ያለውንና ፎቶግራፎቹን ወደ ሌላ ቦታ ይገለብጣል። የብራውዘሩ ፕሮፋይል ግን ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ የለም። ዊንዶውስ «አፕዳታ» በሚባልና ለዓይን እንዳይታይ በተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው የሚያኖረው። ስለዚህ ጠጋኙ ያልታየውን አይገለብጥም፣ ባለቤቷም መኖሩን ስለማታውቅ አታሳስበውም። ጥፋቱ የሚደርሰው በሁለቱም ክፋት ሳይሆን ባለማስታወስ ነው።

ጉዳዩ በዚህ ጊዜ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በዚህም የተነሣ ብዙ ቤተሰቦችና መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተራቸውን ወደ አዲስ ሥርዓት ለማዛወር ይገደዳሉ፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በ«ፎርማት» ይፈጸማል። መብራት በድንገት ጠፍቶ ሲመጣ የሚበላሽ ዲስክና በመናኸሪያ ግርግር የሚሰረቅ ስልክም የዚሁ አደጋ ሌሎች በሮች ናቸው።

የዕልባት መጥፋት ከድካም ያለፈ ጉዳትም አለው። እውነተኛውን የመሥሪያ ቤት ገጽ አስመስለው የሠሩ አጭበርባሪዎች በኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። አንዲት እናት ትክክለኛውን የፓስፖርት ማመልከቻ ገጽ አንድ ጊዜ አረጋግጣ በዕልባት ከያዘች ሁልጊዜ በዚያው በር ትገባለች። ዕልባቷ ሲጠፋ ግን እንደገና ፍለጋ ትወጣለች፤ በችኮላም የሐሰቱን ገጽ ከፍታ ስሟን፣ የመታወቂያ ቁጥሯንና ገንዘቧን ልትሰጥ ትችላለች።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? ለካፋ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። በካፋ ጓሮ እንሰት አንድ ጊዜ ተተክሎ አንድ ጊዜ አይቆረጥም። ለዘንድሮ የደረሰው፣ ለከርሞ የሚደርሰውና ገና ችግኝ የሆነው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ቆጮውም በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ በጉድጓድ ይቀመጣል፤ ድንገት ችግር ቢመጣ ቤተሰቡ የሚበላው አለው። ቡናውም ያው ነው። የቡና ፍሬ እንደ ስንዴና ገብስ ደርቆ በብርድ ክፍል ውስጥ ለረጅም ዘመን ሕይወቱን ጠብቆ አይቆይም። በዚህ የተነሣ የቡና ዝርያዎችን የሚጠብቁ ባለሙያዎች ተክሉን ራሱን በማሳ ላይ ተክለው ያኖራሉ። በጅማ ዞን ጮጬ በሚባለው ቦታ በሺህ የሚቆጠሩ የቡና ዓይነቶች በዚህ ሁኔታ ይጠበቃሉ። የካፋ ደንም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ከተቆጠሩለት ሀብቶች አንዱ የዱር ቡናው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን መርጠው ያወጡት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከነበረው ከዚህ ዓይነቱ ብዝኃነት ነው። አንድ ዓይነት ቡና በአንድ ቦታ ብቻ ቢኖረን ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?

ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር ተቀመጠ አይባልም። የእጅ ስልካችን የአማርኛ ማውጫ ይህን ሁለተኛ ቅጂ «ምትኬ» ይለዋል። ወላጆች ለልጅ የሚያወጡት ስም ነውና ትርጉሙን ማንም አይስተውም፤ አንዱ ቢጠፋ የሚተካው ማለት ነው። አሠራሩን ቀጥለን እንመልከት።

1ኛ/ በክሮም የያዙትን ዕልባት ለማውጣት በኮምፒዩተሩ ላይ «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኦ» የተባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። የዕልባቶቹ ዝርዝር ይከፈታል። ከላይ በስተቀኝ ካሉት ሦስት ነጥቦች «ኤክስፖርት ቡክማርክስ» የሚለውን ይምረጡ። ብራውዘሩ አንድ ፋይል ሠርቶ የት ላስቀምጠው ብሎ ይጠይቅዎታል፤ በፍላሽ ዲስክ ላይ ያስቀምጡት። ሥራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ፋይሉም ትንሽ ነው። ይህ ፋይል «ኔትስኬፕ» የተባለው የቀድሞ ብራውዘር ባወጣው ሥርዓት የሚጻፍ ሲሆን ዛሬም በመጀመሪያው መስመር ላይ ስሙን ይዟል። ኔትስኬፕ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ወጥቶ በ2008 አገልግሎቱ ቢቆምም የዕልባት አጻጻፉ ግን የሁሉም መግባቢያ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ከክሮም ያወጡትን በፋየርፎክስ፣ ከፋየርፎክስ ያወጡትን በክሮም መልሰው ማስገባት ይችላሉ።

2ኛ/ ፋየርፎክስ የሚጠቀሙ ከሆነ በእነዚያው ሦስት ቁልፎች የሚከፈተው መስኮት «ኢምፖርት ኤንድ ባካፕ» የሚል ማውጫ አለው። «ባካፕ» የሚለው ሙሉ ቅጂ ያወጣል። ፋየርፎክስ በራሱ ጊዜም ጥቂት የዕልባት ቅጂዎችን ያስቀራል፤ ነገር ግን የሚያስቀራቸው እዚያው ፕሮፋይሉ ውስጥ ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ሲደመሰስ አብረው ይደመሰሳሉ። እህሉንና ዘሩን በአንድ ጎተራ አኑሮ ጎተራው ሲቃጠል እንደማየት ነው። ሌላም ጥንቃቄ አለ። «ሪስቶር» ብለው ቅጂውን ሲመልሱ በዚያ ሰዓት ያሉት ዕልባቶች ተነሥተው የድሮዎቹ ይተካሉ። አዲሶቹን ሳያጡ አሮጌዎቹን ለመጨመር ከፈለጉ በ«ኢምፖርት» ይጠቀሙ።

3ኛ/ ዕልባቱን ብቻ ሳይሆን መላውን ፕሮፋይል ለመገልበጥ የሚፈልጉ፣ በፋየርፎክስ «ሄልፕ» ከሚለው ሥር «ሞር ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ቢከፍቱ የፕሮፋይሉን ፎልደር የሚያሳይ ቁልፍ ያገኛሉ። ቦታውን ካወቁ በኋላ ብራውዘሩን ፈጽመው ይዝጉት፤ ከዚያም ፎልደሩን በሙሉ ይገልብጡ። ብራውዘሩ ክፍት ሳለ የተገለበጠ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። አጥብቀው ሊያውቁት የሚገባው ግን በፋየርፎክስ ዋና የይለፍ ቃል ካላበጁ በቀር ፎልደሩን ያገኘ ሰው የይለፍ ቃሎችዎንም ማግኘት መቻሉ ነው። ፍላሹን እንደ ቤት ቁልፍ ይጠብቁት። የክሮም ነገር የተለየ ነው። የይለፍ ቃሎቹ ከዚያው ዊንዶውስ ጋር የታሰሩ በመሆናቸው ፎልደሩን ገልብጦ ወደ አዲስ ዊንዶውስ ማምጣት ብቻውን አይከፍታቸውም።

4ኛ/ በስልክዋ ብቻ የምትሠራ እናት በጉግል ሒሳቧ ገብታ «ሲንክ» የሚባለውን ማመሳሰያ ብታበራ ዕልባቷ በሒሳቧ ውስጥ ይቀመጥላታል፤ ስልኩ ቢጠፋም በአዲሱ ስልክ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ፋየርፎክስም የራሱ ማመሳሰያ አለው። ሆኖም ማመሳሰያ ብቻውን ምትኬ አይደለም። ልጅ በስልኩ ሲጫወት ዕልባቶቹን ቢሰርዝ፣ ስረዛውም ተመሳስሎ ወደ ኮምፒዩተሩ ይደርሳል። ስለዚህ ማመሳሰያ ያላትም ሴት በየጊዜው በኮምፒዩተር ላይ ፋይሉን አውጥታ ለብቻው ማኖር ይገባታል።

5ኛ/ የይለፍ ቃል ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ብራውዘሩ የይለፍ ቃሎችን በፋይል አውጣልኝ ቢሉት ያወጣል፤ ነገር ግን ፋይሉ ማንም ከፍቶ በግልጽ የሚያነበው ነው። እንዲህ ያለውን ፋይል በቴሌግራም መላክ ወይም በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ መተው ሳጥንን ከፍቶ ደጅ እንደማደር ይቆጠራል። ዋና ዋናዎቹን በደብተር ጽፎ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ማኖር ለብዙ ቤተሰብ የሚሻል መንገድ ነው። የዕልባቱ ፋይል ግን የይለፍ ቃል ስለማይዝ አንዱን ቅጂ ወደ ራስዎ ቴሌግራም ወይም ኢሜይል ቢልኩት ጉዳት የለውም። እንዲያውም አንዱ ቅጂ ከቤት ውጭ መሆኑ መልካም ነው፤ ቤት ላይ የሚደርስ አደጋ ፍላሹንም ይዞ ሊሄድ ይችላልና።

በኢንተርኔት ቤት ወይም በጋራ ኮምፒዩተር ለሚሠሩ ደግሞ ምክራችን ተቃራኒ ነው። በዚያ ማመሳሰያ አያብሩ፤ የይለፍ ቃል ላስቀምጥ ወይ ብሎ ሲጠይቅዎም እምቢ ይበሉት። ሥራዎን ሲጨርሱ ከሒሳብዎ መውጣትዎን ያረጋግጡ። ካልወጡ የእርስዎ ጓዳ ለሚቀጥለው ሰው ክፍት ሆኖ ያድራል።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። በብዙ ቤት ኮምፒዩተሩን የሚያውቀው ባልየው ወይም ትልቁ ልጅ ነው። የቤተሰቡ ኢሜይል፣ የልጆች ትምህርት ገጽና የልዩ ልዩ ማመልከቻዎች የይለፍ ቃል በእርሱ ዘንድ ብቻ ይሆናሉ። እርሱ ለሥራ ሩቅ አገር ሲሄድ፣ ሲታመም ወይም ክፉ ነገር ሲደርስበት ሚስቲቱ የራሷን ቤት በር የምትከፍትበት ቁልፍ ታጣለች። በኀዘን ላይ ሳለች የጠፋ የይለፍ ቃል ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት ለጠላትም አይመኙት። ዕውቀትም በአንድ ሰው ብቻ ሲቀመጥ ተቀመጠ አይባልም፤ የቤተሰብም ጉዳይ ምትኬ ያስፈልገዋል። ባልና ሚስት አንድ ምሽት ቡናው እስኪፈላ አብረው ተቀምጠው የትኛው ገጽ ለምን እንደሆነ፣ ቅጂው የት እንደሚገኝ ቢነጋገሩ ሁለቱም ያርፋሉ። ሴት ልጆችም ይህን ከወንድሞቻቸው እኩል ሊማሩት ይገባል፤ የሚጠይቀው ጥንቃቄ እንጂ ጉልበት አይደለም።

ለማስታወስ እንዲቀል ቅጂ የሚወጣበትን ቀን በወር አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ደመወዝ በሚከፈልበት ዕለት ማድረግ ይቻላል። በፋይሉ ስም ላይ ቀኑን ይጻፉበት። በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ደግሞ ፋይሉን ከፍተው በትክክል የሚታይ መሆኑን ይመርምሩ፤ ያልተመረመረ ቅጂ ክዳኑ እንዳልተነሣ ማድጋ ነው፤ ሙሉ ይሁን ባዶ አይታወቅም። ኮምፒዩተሩ ወደ ጠጋኝ በሚሄድበት ዕለትም «ብራውዘሬ ውስጥ ያለውን አውጥቻለሁ ወይ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ፤ ለጠጋኙም አስቀድመው ይንገሩት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ የተደመሰሰ ዲስክ ሲመለስ ከማዘን ዛሬውኑ ሁለት ደቂቃ መስጠት ይሻላል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና።

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።