ከስቲልዋተር ያልወሰድነው

በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ስቲልዋተር የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች። ነዋሪዋ 50 ሺህ አይሞላም፤ የዩኒቨርሲቲዋ ተማሪ ብቻውን ከ20 ሺህ በላይ ነው። ስሟን ሰምቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ የእጇን ሥራ ያላየ ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በእሷ መምህራን እገዛ ነውና። ስለዚህ ስለ ስቲልዋተር ማውራት ስለ ራሳችን ማውራት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1889 ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር የአሜሪካ መንግሥት ከነባር ሕዝቦች የወሰደውን ሰፊ መሬት «ቀድሞ የደረሰ ይያዘው» ብሎ ከፈተው። ሰፋሪው በፈረስና በጋሪ ተሽቀዳደመ። ይህ ግፍ ያለበት ታሪክ ነው፤ መሸፋፈን አያስፈልገውም። በዓመቱ፣ በ1890 ገና ዕለት፣ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ እንዲቋቋም ሕግ ወጣ። ኮሌጁ የተተከለው ከአራት ገበሬዎች ይዞታ በተቆረሰ 200 ኤከር ላይ ነው፤ በእኛ መለኪያ 80 ሄክታር ገደማ። ሕንፃ ስላልነበረ የመጀመሪያው ትምህርት የተሰጠው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር።

በ1892 ማግሩደር የተባለ መምህር ከኮሌጁ መሬት ላይ ስንዴ ዘራ። ማሳው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ስንዴ ይዘራበታል። ከፊሉ ፍግ፣ ከፊሉ ማዳበሪያ ያገኛል፤ አንዱ ክፍል ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምንም አልተደረገለትም። ዓላማው አፈር በዘመናት ስንት እንደሚደክምና በምን እንደሚያገግም ለማወቅ ነው። በ1947 ለተማሪዎች ማደሪያ የሚሆን ቦታ ሲፈለግ ሕንፃው ማሳው ላይ አረፈ። ሰዎቹ ግን ጥናቱን አልተዉትም። የማሳውን የላይኛውን አፈር ቆፍረው፣ ጭነው፣ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት፤ ስንዴውንም ቀጠሉ።

እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ ከገበሬው ማሳ ምን እንደሚተርፍ አንባቢ ያውቀዋል።

የስቲልዋተር ጥንካሬ ከሦስት ሕጎች የመጣ ነው። የ1862ቱ ሕግ ለግዛቶች ኮሌጅ የሚያቋቁሙበት የመሬት ድጋፍ ሰጠ። የ1887ቱ በየኮሌጁ የምርምር ጣቢያ እንዲኖር ገንዘብ መደበ። የ1914ቱ ደግሞ ኮሌጁ የተማረውን ወደ ገበሬው ደጅ ይዞ እንዲሄድ አደረገ። ማስተማር፣ መመራመር፣ ማድረስ፤ ሦስት ጉልቻ። ዛሬ በኦክላሆማ 77ቱም አውራጃዎች የዩኒቨርሲቲው የኤክስቴንሽን አገልግሎት አለ። ገበሬው ሰብሉ ሲታመም የሚሄደው ወደ ዩኒቨርሲቲው ሰው ነው፤ የገበሬው ጥያቄም በዚያው ሰው በኩል ወደ ቤተ ሙከራ ይመለሳል።

ይህ አሠራር ወደ እኛም መጥቶ ነበር። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ መርሐ ግብር፣ «ፖይንት ፎር» የሚባለው፣ የመጀመሪያ ኃላፊ ሆኑ። እሳቸው በ1951 በኢራን በአውሮፕላን አደጋ ቢሞቱም በ1952 የኢትዮጵያ መንግሥት ስምምነቱን ፈረመ። ትምህርቱ በጅማ ተጀመረ፤ በ1956 ወደ አለማያ ተዛወረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ራሳቸው ስቲልዋተርን ጎብኝተዋል። የኦክላሆማ ሰዎች እስከ 1968 ድረስ ከኮሌጁ ጋር ሠርተዋል። ፍሬውም ታይቷል፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት የማሽላ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የአለማያ ምሩቅ ናቸው።

ግን አንድ ጉልቻ ተነሣ። የኤክስቴንሽን ሥራ መጀመሪያ የኮሌጁ ኃላፊነት ነበር፤ በ1963 ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። በወረቀት ላይ ቀላል የመዋቅር ለውጥ ይመስላል። ውጤቱ ግን ተመራማሪው በአንድ መሥሪያ ቤት፣ የልማት ሠራተኛው በሌላ መሥሪያ ቤት፣ ገበሬው ደግሞ ብቻውን መቅረታቸው ነው። በሁለት ጉልቻ ድስት አይጣድም።

ዋጋውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሐረማያ ሐይቅ የሚገኘው ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ነው። የሐረር ከተማ ይጠጣበት ነበር። በየዳገቱ አፈሩ ታጥቦ ገባበት፤ ለጫትና ለአትክልት መስኖ በሞተር ፓምፕ ተሳበ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውኃው መመለስ መጀመሩ ደስ ያሰኛል። ጥፋቱን በዩኒቨርሲቲው ላይ ብቻ መጣል ፍትሐዊ አይደለም፤ ፓምፑን የሚከለክልበት ሥልጣን የለውም፤ ስለ ሐይቁም ብዙ ጥናት ተጽፏል። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ጥናቱ ፓምፕ ለያዘው ገበሬ በቋንቋው፣ በደጁ፣ ከጫት የማያንስ ገቢ ከሚያስገኝ አማራጭ ጋር የማድረስ ግዴታ የማን ነበር? በግልጽ የማንም አልነበረም።

ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። አብዛኞቹ የተተከሉት በገበሬ መሬት ላይ፣ በገበሬ ከተሞች ዳር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ለከተማው ባጃጅ፣ ፎቶኮፒ ቤት፣ የጀበና ቡናና የኪራይ ክፍል ይመጣል። ይህን አልንቅም፤ ብዙ ቤተሰብ ይኖርበታል። ግን ከአጥሩ ማዶ ያለው ገበሬ ከዩኒቨርሲቲው ያገኘው ምንድን ነው? «የማኅበረሰብ አገልግሎት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ችግኝ ተከላና የደብተር ስጦታ ሆኖ ያልቃል።

«አሜሪካ ገንዘብ አላት» የሚል መልስ ይመጣል። አላት። ነገር ግን ማግሩደር ስንዴ ሲዘራ ከተማዋ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። የሚያስፈልገው አንድ ማሳና በየዓመቱ የማይቋረጥ መዝገብ ነበር። ስቲልዋተርም ቢሆን ተአምረኛ አይደለችም፤ በ1930ዎቹ የምዕራብ ኦክላሆማ አፈር በነፋስ ሲነሣ ኮሌጁ ነበረ። ልዩነቱ ከጥፋቱ በኋላ ትምህርቱን ወደ ገበሬው የሚያደርስ መንገድ በእጃቸው መኖሩ ነው።

ለእኛም ሦስት ነገር መጀመር ይቻላል። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በዙሪያው ላሉ ወረዳዎች በስም ተጠያቂ ይሁን፤ ከልማት ሠራተኞቹ ጋር አብሮ የሚሠራ የራሱ ሰው ይመድብ። ፕሬዚዳንት ሲቀየር የማይታረስ፣ ሕንፃ ሲመጣ የማይጠፋ አንድ የረጅም ዘመን የሙከራ ማሳ ይኑረው። የመምህር እድገት ሲታይም በጆርናል ከታተመው ጽሑፍ ጎን በገበሬው ማሳ ላይ የተለወጠው ይቆጠር።

ከስቲልዋተር ሕንፃውን፣ ካሪኩለሙንና ዲግሪውን ወስደናል። የቀረን ሦስተኛው ጉልቻ ነው። በሚቀጥለው ምረቃ ላይ ስንት ተማሪ ተመረቀ ብለን ስንጠይቅ፣ አያይዘን ከአጥሩ ማዶ ያለው ገበሬ ዘንድሮ ስንት ኩንታል አገኘ ብለን እንጠይቅ። መልሱን የሚያውቅ ዩኒቨርሲቲ ካለ፣ እሱ የቆመበትን መሬት ዋጋ ከፍሏል።