ሩዙ ከደረሰ ውሃው ከየት መጣ?

በዚህ አምዳችን ስለ ቤተሰብና ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ንግድና ስለ ትምህርት ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ደግሞ ስለ ሥዕል ጥቂት እናውጋ። «ሥዕል ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ ጥያቄውን አንሸሸውም፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ነገሩን ያነሣነው ወረታ ላይ ባየነው ጉዳይ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ የደብረ ታቦር መንገድ የሚገነጠልባት የፎገራ ወረዳ ከተማ ናት። ከቤቶቹ ጥቂት አለፍ ሲሉ ሜዳው ይዘረጋል። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ከአፋቸው ሞልተው ሲወጡ ሜዳው ከጣና ጋር አንድ የሆነ ይመስላል። ድሮ ፎገራ ሲባል በወተቷ የታወቀችው ላም ነበረች የምትታሰበው፤ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት ሙከራው የተጀመረው ሩዝ ግን ዛሬ የሜዳውን መልክ ለውጦታል።

በዚህች ከተማ ሥዕል የሚወዱ አምስት ሰዎች አሉ። አንዱ የሱቅ ታፔላ ይጽፋል፣ አንዱ መምህር ነው፣ አንዲት እህት ጥልፍ ትሠራለች፣ ሁለቱ ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣቶች ናቸው። ሁሉም በራሳቸው ጥረት የተማሩ ናቸው። አዲስ አበባ ቢሆኑ ኖሮ፣ በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነበረላቸው፤ እዚያ ተማሪው ሥራውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መምህሩም ጓደኞቹም ሲተቹት ይሰማል። የወረታዎቹ ያላቸው አንዱ ለሌላው ብቻ ነው። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ከዐስር ሶላት በኋላ በታፔላ ጸሐፊው ሱቅ ይሰበሰባሉ። እኛም ብሩሽ አልፎ አልፎ ከሚይዙት ስለሆንን፣ በዚያ ስናልፍ አብረናቸው ተቀመጥን።

የዚያን ቀን ተራው ከሁለቱ ወጣቶች የአንዱ ነበር። በሕይወቱ የመጀመሪያውን የዘይት ቀለም ሥዕል ይዞ መጣ። ቀለሙ ውድ ነው፣ ወረታም እንደ ልብ አይገኝም፤ እኅቱ ከደመወዟ ቀንሳ ነው የገዛችለት። ሸራውን ወንበር ላይ አቁሞ ጨርቁን ገለጠው። የፎገራ ሜዳ ነው፤ ወርቅ የመሰለ ሩዝ፣ በሩዙ መካከል ሰማይ የሚታይበት ውሃ፣ አንዲት ጎጆ፣ ጥቂት ባሕር ዛፎች፣ ከኋላ በምሥራቅ በኩል ሰማያዊ ተራራ።

«ማሻአላህ! ቆንጆ ነው» ተባለ። ከዚያ ዝም። ውድ አንባብያን፣ ይህ ዝምታ በየቤታችን ያለ ነው። ልጅ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ «ጎበዝ» ብለን ዓይናችንን ወደ ሥራችን እንመልሳለን። ሙገሳው ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ግን ልጁ ነገ ምን እንደሚያደርግ አይነግረውም።

ዝምታውን የሰበረችው ጥልፍ ሠሪዋ እህት ናት። «ፀሐይዋ ከጀርባችን ናት፣ የዛፎቹ ጥላ ወደ ተራራው ይሄዳል። የጎጆዋ ጥላ ግን ወደ እኛ የመጣው ለምንድን ነው?» አለች። ታፔላ ጸሐፊው ደግሞ ተራራው በጣም እንደ ጠቆረ፣ ሩቅ ያለ ነገር እየሳሳና ወደ ሰማዩ ቀለም እየቀረበ እንደሚሄድ ተናገረ። መምህሩ ከግድግዳ መስታወት አውርዶ ሥዕሉን በመስታወቱ ውስጥ አሳየው። ይህ የቆየ ዘዴ ነው፤ ሠዓሊ ለሳምንታት ያፈጠጠበትን ሥራ ዓይኑ ይለምደዋል፣ ግራና ቀኙ ሲገለበጥ ግን እንደ እንግዳ ያየዋል። ጎጆዋ ወደ አንድ ወገን ዘመም ብላ ታየች። ወጣቱ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማ፣ ጻፈም።

በመካከሉ የልጁ አጎት ሊጠራው መጣ። ዕድሜውን በሩዝ ማሳ ያሳለፈ ገበሬ ነው። ዱላውን ተደግፎ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተና «ሩዙ ደርሷል አይደል?» አለ።

«አዎ አያ፣ ደርሷል።»

«ታዲያ ሩዙ ከደረሰ ውሃው ከየት መጣ?»

ሁሉም ሳቁ። ሩዝ እንዲህ ወርቅ የሚመስለው ኅዳር ላይ ነው፤ ያኔ ውሃው ሸሽቶ መሬቱ ደርቋል፣ አጫጁ በደረቅ እግሩ ይገባል። ይህን በፎገራ የማያውቅ የለም። ሠዓሊውም ያውቃል፤ ግን ወርቁንም ሰማይ የሚታይበትን ውሃም ስለወደደ ሁለቱን አንድ ላይ አደረጋቸው። ያ ውሃ ሁለት ሳምንት የደከመበት ነበር። ልጁ ጨርቁን መልሶ አለበሰውና ሥዕሉን ይዞ ወጣ። በሚቀጥለው ስብሰባ አልመጣም። ሸራውን ከቁም ሣጥን ጀርባ እንደ ሸጎጠው ሰማን።

ጥፋቱ የማን ነው? አጎት የተናገረው እውነት ነው። እኛ የምንወቅሰው ሳቁን ነው። ከሳቁትም አንዱ እኛ ነን።

ይህ በወረታ ብቻ የሆነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1885 በኔዘርላንድ ኑነን በምትባል መንደር ይኖር የነበረ ቪንሰንት ቫን ጎግ፣ ገበሬዎች በመብራት ሥር ድንች ሲበሉ የሚያሳይ የዘይት ቀለም ሥዕል ሠራ። ለአምስት ዓመት ወዳጁ ለሆነው ለሠዓሊ አንቶን ቫን ራፓርድም በድንጋይ ላይ ስሎ ያተመውን ጥቁርና ነጭ ቅጂ ላከለት። ራፓርድ በግንቦት ወር መልስ ጻፈ። የሰውየው ክንድ አጥሯል፣ ጉልበትና ሆድ የለውም፣ የቡናው ጀበና ቆሞ ይሁን ተይዞ አይታወቅም እያለ ወረደበት። ቪንሰንት ደብዳቤውን ለላኪው መለሰለት። ወዳጅነታቸውም ብዙ ሳይቆይ በዚያው ቀረ።

እኛን የሚገርመን፣ ራፓርድ የተቸው የዘይቱን ሥዕል አለመሆኑ ነው፤ ያየው ቅጂውን ብቻ ነው። ደግሞ ከስሕተቶቹ ብዙዎቹ በእርግጥ ነበሩ፣ ቪንሰንትም ጉድለት እንዳለበት ያውቅ ነበር። ራፓርድ ያልጠየቀው ሰውየው ምን ሊያሳይ እንደፈለገ ነው። ቪንሰንት የፈለገው እነዚያ እጆች መሬት ቆፍረው ያወጡትን ምግብ እንደሚበሉ ማሳየት እንጂ የክንድ ልክ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላም ለእኅቱ ሲጽፍ ከሥራዎቹ የሚበልጠው ያ ሥዕል እንደሆነ ነግሯታል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። አጎት ከመውጣቱ በፊት አንድ ሌላ ነገር ጠይቆ ነበር፤ «የፎገራ ከብትስ የታለ?» ልጁ ከብትም ሰውም ያልሳለው ረስቶ አይደለም። በእጁ ሥራ የሚተዳደር አንድ ሠዓሊ ወደ ኢብኑ ዐባስ (ረዲየላሁ ዐንሁማ) መጥቶ በጠየቀ ጊዜ፣ መሣሉ ካልቀረ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን እንዲሥል እንደ መከሩት በሐዲስ ተዘግቧል። ልጁ ይህን ይዞ ነው የሚሠራው። እንግዲህ «ከብት ጨምር» ማለት ሥዕሉን ማረም ሳይሆን ሌላ ሥዕል ማዘዝ ነው። ስለ ውሃው የተነሣው ግን ከዚህ ይለያል፤ ልጁ ራሱ «እውነተኛውን ፎገራ ላሳይ» ብሎ የተነሣ ስለሆነ በራሱ ሚዛን ነው የተመዘነው። መምህሩ ሜዳው ጭር እንዳይል የጋሪ ዱካ ወይም ከጎጆዋ የሚወጣ ጭስ ሊጨመር እንደሚችል ሐሳብ አቀረበ። ይህን ወደድንለት።

የዘይት ቀለም ለእርማት የሚመች መሆኑንም ማወቅ ደግ ነው። ቀለሙ የሚለወሰው በተጣራ የተልባ ዘይት ነው። ዘይቱ እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፣ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ነው የሚጠነክረው። ላዩ ለእጅ እስኪደርቅ ቀናት ይፈጃል፣ ውስጡ ደግሞ ወራት። እርጥብ ሳለ በቢላዋ ፍቆ ማንሣት ይቻላል። ከደረቀ በኋላም በላዩ ላይ መሣል ይቻላል፤ ግን የታችኛው ቀለም በአኳራጅ የቀጠነ፣ የላይኛው ዘይት የበዛበት መሆን አለበት፣ ተገላቢጦሽ ከሆነ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ሥራውን ለጓደኛ የሚያሳይ ሰው ቫርኒሽ ቀብቶ ፍሬም እስኪያስገባ መጠበቅ የለበትም። «እንዴት ነው?» ብሎ ከመጠየቅም «ተራራው ርቆ ይታያችኋል?» ቢል የሚሰማው መልስ ሌላ ነው።

ልጁ በሦስተኛው ስብሰባ መጣ። እንዲመጣ ያደረገው ቤቱ ድረስ ሄዶ ስለ ሳቁ ይቅርታ የጠየቀው መምህሩ ነው፤ ሥዕሉን በሚመለከት ግን አንድም ቃል አላነሣም ነበር። ሸራው ሲገለጥ ውሃው እንዳለ ነው። የተለወጠው ሩዙ ነው፤ ወርቁ ሁሉ ተፍቆ አረንጓዴ ሆኗል። ተራራው ሳስቷል። ከጎጆዋ ጭስ ይወጣል። አጎት እንደገና ተጠርቶ መጣ፣ ዱላውን ተደግፎ አየና «አሁን መስከረም ነው» አለ።

የጎጆዋ ጥላ ግን አሁንም ወደ እኛ ይመጣል። ጥልፍ ሠሪዋ እህት ስትጠይቀው «እሷን ወድጃታለሁ፣ ትቆይልኝ» አላት።