«እስስት» ከማለታችሁ በፊት ውሃውን እዩ

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ዓሣ ነው። «ደግሞ ዓሣና ፍቅር ምን አገናኛቸው?» እንዳትሉኝ፤ ትንሽ ብቻ ታገሱኝ።

ከወራት በፊት ለቤቴ ጌጥ ይሆኑኛል ብዬ ሁለት ወርቃማ ዓሣዎች ገዛሁ። ስገዛቸው ብርቱካን ነበር የሚመስሉት። የመስታወት ገንዳቸውን ጨለም ካለ ጥግ አስቀምጬ የዳቦ ፍርፋሪ ስጥልላቸው ከረምኩ። ምን ልበላችሁ፣ ቀስ በቀስ ገርጥተው ገርጥተው ሊነጡ ደረሱ። ደሜ ፈልቶ ሻጩ ዘንድ ሄድኩና «ቀለም ነክረህ ነው የሸጥክልኝ!» አልኩት። ከመሬት ተነስቼም አይደለም፤ በአንዳንድ አገሮች ገላው እንደ መስታወት የሚያሳይ ትንሽዬ ዓሣ በመርፌ ቀለም እየተወጋ ለገበያ ይቀርብ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ቀለሙም ውሎ አድሮ ይለቃል። ሰውየው ግን አልተቆጣም። «ምን ታበላቸዋለህ? ብርሃንስ ያገኛሉ?» አለኝ። አፌን ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን አጠያየቅኩ፣ አነበብኩ። የዓሣ ቆዳ ውስጥ ቀለም የያዙ ጥቃቅን ሴሎች አሉ። ጥቁሩን ቀለም ዓሣው ራሱ ይሠራዋል። የወርቃማ ዓሣን ቅላት የሚሰጠው ካሮቲኖይድ ግን ከምግብ ነው የሚገኘው፤ ከአልጌና ከትናንሽ የውሃ ፍጥረታት። በዘሩ የሚነጣም አለ፤ የእኔዎቹ ግን ብርሃንም ደህና ምግብም አላገኙም። እንደ ብር የሚያብለጨልጨው ደግሞ ቀለም እንኳ አይደለም፤ ቆዳው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ብርሃን ሲመልሱ ነው።

በደቂቃዎች ውስጥ የሚመጣ ለውጥም አለ። በሴሉ ውስጥ ያሉት የጥቁር ቀለም ቅንጣቶች ሲበተኑ ዓሣው ይጠቁራል፤ ወደ መሀል ሲሰበሰቡ ይነጣል። በጣንጋኒካ ሐይቅ የሚኖር አንድ የዓሣ ዘር አለ፤ የራሱ ቦታ ያለው ወንድ ደማቅ ነው፣ ዓይኑ ላይም ጥቁር መስመር አለው። ጉልበተኛ መጥቶ ቦታውን ሲቀማው ያ ሁሉ ድምቀት ይጠፋና ሴቷን ይመስላል። እኛ የምንበላው ቆሮሶም ተደባድቦ ሲሸነፍ ዓይኑና ገላው ይጠቁራል። እኛስ «ፊቱ ጠቆረ» እንል የለ?

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። ሁለት ዓመት አብራኝ የቆየች ልጅ ነበረች። «ነበረች» ስል እንኳ ይጨንቀኛል። ሁለታችን ብቻ ስንሆን ሳቋ ቤት ይሞላል። ጓደኞቼ መሀል ስንቀመጥ ግን ድብዝዝ ትላለች፣ ቃል አይወጣትም። አንድ ማታ ተናድጄ «አንቺ እስስት ነሽ! የትኛዋን ልመን?» አልኳት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆናት።

የዓሣዎቹን ገንዳ ወደ መስኮቱ ሳስጠጋ ነው ነገሩ የገባኝ። ጓደኞቼ በአነጋገሯ ይቀልዱባት ነበር። እኔስ? እኔ አብሬ እስቅ ነበር። ቦታዋን የቀማኋት እኔ፣ ቀለምሽ ተለወጠ ብዬ የከሰስኳትም እኔ!

እርግጥ አውቆ የሚያታልል ሰው የለም አልልም። ግን ወዳጆቼ፣ ጓደኛችሁ በድንገት ሲደበዝዝባችሁ «እስስት» ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ምን ውሃ ውስጥ እንዳስቀመጣችሁት እዩ። ማን ፊት ነው የሚጠቁረው? ከእናንተስ ምን አጣ?

ዓሣዎቼ የዓሣ ምግብ ከጀመሩ ወዲህ አንደኛው ጀርባው ላይ ቀላ ማለት ጀምሯል። ሌላኛው እንደነጣ ነው። እኔም ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ። ስልኩን ታነሳዋለች ብዬ አልፎክርም፤ ካነሳችው ግን የመጀመሪያው ቃሌ «ይቅርታ» ነው።

ቸር ያገናኘን!