ምርመራ መቼ ይበቃል?

አባቶቻችን ችኩሉን ሰው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለው ሲገሥጹት፥ የዘገየውን ደግሞ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው ይዘልፉታል። ሁለቱም ምሳሌዎች እውነት ናቸው። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለችውን ሰዓት፥ ይኸውም ምርመራው በቅቶ ፍርድ የሚሰጥባትን ሰዓት፥ በምን ለይተን እናውቃታለን? ዛሬ በዚህ ዐምድ ልናወጋ ያሰብነው ስለዚሁ ነው።

ነገሩን ከቤት እንጀምረው። አንዲት እመቤት ለበዓል ብዙ እንቍላል ልትገዛ ወጣች እንበል። ከ10 እንቍላል 1 ቢበላሽ ትታገሣለች፤ ከ10 የሚበላሸው 3 ከሆነ ግን መግዛት አትፈልግም። አንድ በአንድ ከውሃ ውስጥ እያስገባች የሚንሳፈፈውን እንደ ብልሹ ትቈጥራለች። ስንቱን ስትፈትን ነው ቍርጡን የምታውቀው? የቀድሞው የስታቲስቲክስ ሥርዓት፥ አስቀድሞ በተወሰነው ቍጥር፥ ማለት በ40 ያህል እንቍላል፥ ፈተናውን ጨርሰሽ ፍረጂ የሚል ነበር። የመጀመሪያዎቹ 10 በሙሉ ቢንሳፈፉ እንኳ የቀሩትን መፈተን ሊኖርባት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም.፥ በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሊቃውንት ይህንኑ ችግር አነሡ። አንድ የባሕር ኃይል መኰንን፥ ልምድ ያለው ሰው ጥይት ሲፈተን ውጤቱን ከመካከል ላይ ሳለ ያውቀዋልና እስከ መጨረሻው መተኰሱ ብክነት ነው የሚል አሳብ አቅርቦ ነበር። አለን ዋሊስና ሚልተን ፍሪድማንም ጥያቄውን ለአብርሃም ዋልድ አቀረቡላቸው። እኒህ ሊቅ በ1902 ዓ.ም. ዛሬ ሩማንያ በምትባለው አገር በክሉዥ ከተማ የተወለዱ፥ በ1938 ዓ.ም. ከናዚዎች ሸሽተው ወደ አሜሪካ የሄዱ አይሁዳዊ ናቸው።

ዋልድ ያወጡት ሥርዓት፥ ፈተናው ሳይጀመር ሁለት ወሰን መትከል ነው። እመቤቲቱ በሁለቱም በኩል ከ20 ጊዜ 1 ጊዜ ብቻ መሳሳትን ብትፈቅድ፥ የላይኛው ወሰን 19፥ የታችኛው ከ19 አንድ እጅ ይሆናል። ብልሹ እንቍላል በመጥፎው ቅርጫት ከደኅናው ይልቅ 3 እጥፍ ስለሚገኝ፥ ከ1 ተነሥታ ለእያንዳንዱ ብልሹ ቍጥሩን በ3 ታበዛለች፤ ለእያንዳንዱ ደኅና ደግሞ በ7 አብዝታ ለ9 ታካፍላለች። ከ19 ካለፈ ትተዋለች፤ ከታችኛው ወሰን ከወረደ ትገዛለች፤ በመካከል ሳለ ግን አንድ ትጨምራለች። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ 3 ቢንሳፈፉ ቍጥሩ 27 ሆኖአልና ወደ ቤቷ ትመለስ፤ የመጀመሪያዎቹ 12 ደኅና ቢሆኑ ያለ ሥጋት ትግዛ። በዚህ ሥርዓት በአማካይ ከቀድሞው ግማሽ ያህል ፈተና ይበቃል። ግኝቱ በጦርነቱ ምክንያት ተሰውሮ ቈይቶ በ1945 ዓ.ም. ተገለጠ፤ የዋልድም መጽሐፍ በ1947 ዓ.ም. ታተመ።

ማስጠንቀቂያው ግን ይህ ነው፤ ወሰን ሳይተክል በየጊዜው እያየ ደስ ያለው ቀን የሚያቆም ሰው ራሱን ያታልላል። ለአንድ ጊዜ የታሰበውን፥ ከ100 5 ስሕተት ብቻ የሚፈቅደውን መለኪያ 10 ጊዜ እያነሣ ቢለካበት፥ ልዩነት በሌለበት ነገር ላይ ከ100 ጊዜ 19 ያህሉን «ልዩነት አገኘሁ» ይላል።

ይህ ትምህርት ለእንቍላልና ለጥይት ብቻ አልቀረም። በ2015 ዓ.ም. በጊኒ የኢቦላ ክትባት ሲፈተን፥ አንዳንዱ ወገን ወዲያው፥ ሌላው ከ21 ቀን በኋላ ይከተብ ነበር። በመካከሉ በተደረገው ምርመራ፥ ወዲያው ከተከተቡት መካከል ከ10ኛው ቀን ወዲህ አንድም በሽተኛ አልተገኘም፤ በዘገዩት ዘንድ ግን 16 ሰዎች ታመው ነበር። ስለዚህ ተቈጣጣሪው ኮሚቴ ማዘግየቱ እንዲቀር መከረ። ከዚያ ወዲያ ፈተናውን እንደ ቀድሞው መቀጠል ዋጋው የሰው ሕይወት ነበርና።

እኛም በቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጠን ባለጕዳዩን «ሌላ ማስረጃ ጨምረህ ነገ ተመለስ» ስንል፥ ጥንቃቄያችንን እንጂ የርሱን መንገድ አንቈጥርም። የምንጨምረውን ፈተና ዋጋ የሚከፍለው ሌላ ሰው ሲሆን መዘግየት ይቀለናል። ልጅን ስንቀጣ ደግሞ ፈጥነን እንፈርዳለን፤ በዚያም የሚከፍለው ልጁ ነው።

ዋልድ በ1950 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋራ በሕንድ አገር በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ፤ ትምህርታቸው ግን ቀርቶልናል። መዝገቡን ከመግለጣችን አስቀድመን፥ ምን ብናይ እሺ፥ ምን ብናይ እምቢ እንደምንል ለራሳችን እንወስን፤ ወሰኑም ሲደርስ ሳናወላውል ፍርዱን እንስጥ።