የፖከር ካርታና የነጋዴ ዓይን

ስለ ካርታ ጨዋታ በንግድ ጋዜጣ ላይ መጻፍ የማይገባ የሚመስለው አንባቢ አይታጣም። እኛም ቁማርን ለማመስገን አልተነሣንም። ዳሩ ግን ጆን ፎን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንስተርን እ.ኤ.አ. በ1944 ስለ ጨዋታና ስለ ኤኮኖሚ ባሳተሙት መጽሐፍ ፖከርን ከገበያ ጋር አብረው መርምረውታልና፣ ነገሩ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም።

የፖከር ተጫዋች አንዳንድ ጊዜ ደካማ ካርታ ይዞ ብርቱ የያዘ መስሎ ይመድባል። በመካከል 100 ብር ተከማችቶ ሳለ እርሱ በባዶ እጁ 50 ብር ቢመድብ፣ ተጋጣሚው ከ3 ጊዜ ከ1 በላይ ፈርቶ ካርታውን የሚጥል እንደ ሆነ ያተርፋል፤ ከዚያ ካነሰ ይከስራል። ስለዚህ ፈሪን ደጋግሞ ማስፈራራት ያዋጣል። ሁሉን ተጠራጥሮ ገንዘቡን እያስተካከለ «አሳየኝ» የሚለውን ማስፈራራት ግን ከንቱ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሰው መልካም ካርታ እስኪመጣ መታገሥ፣ በመጣም ጊዜ መደቡን ከፍ ማድረግ ይሻላል። ይህ ቀላል ቢመስልም፣ ብልሃቱን የሚወድ ሰው ብልሃቱ በማይገባው ተጋጣሚ ላይ ሲያባክነው እናያለን።

ብዙዎች ግን የሌላውን ድክመት ማደን ብቻውን ጥበብ ይመስላቸዋል፤ በዚህ አንስማማም። ፈሪውን ዘወትር የሚያስፈራራ ሰው የራሱንም ልማድ ይገልጣል። ፈሪው አንድ ቀን ነቅቶ «አሳየኝ» ማለት ከጀመረ፣ የወር ትርፍ በአንድ ምሽት ይመለሳል። ዋጋ የማይከራከር ደንበኛ አገኘሁ ብሎ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት የሚጨምር ባለ ሱቅም እንዲሁ ነው፤ ደንበኛው ከጎረቤት ሱቅ ዋጋ የጠየቀ ዕለት ጭማሪው ብቻ ሳይሆን ደንበኛውም ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በጥር ወር በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ፣ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሊብራተስ የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም 4 ስመ ጥር ተጫዋቾችን ገጥሞ፣ በ20 ቀን ውስጥ በ120,000 ዙር ጨዋታ አሸንፏል። ተጫዋቾቹ በየምሽቱ ተሰብስበው ስለ ድክመቱ ይመካከሩ ነበር። እርሱ ግን የእነርሱን ድክመት አላሳደደም። እርግጥ፣ እንዲህ የሚጫወት ሁሉ ከጀማሪ የሚያገኘው ትርፍ፣ የተጋጣሚውን ጠባይ አይቶ ከሚጫወተው ያነሰ ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ሊብራተስ ቀን ተጫዋቾቹ የሞከሩትን ቀዳዳ እየለየ ሌሊት ሌሊት ይደፍን ነበርና፣ ተጫዋቾቹ ጧት ሲመለሱ ትናንት የተመካከሩበት በር ተዘግቶ ይቆያቸው ነበር።