ከሣሩ ሥር ያለው ካርቦን

በአገራችን የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሣ ንግግሩ ወዲያው ወደ ችግኝ ያመራል። ዛፍ መትከል መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ በምሥራቅ ጎጃም የብቸናንና የሞጣን የወል ግጦሽ የሚያውቅ ሰው ስለ ሣርም ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሣር እንደ ዛፍ ሀብቱን በግንድ አያከማችም። ከአየር የወሰደውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር አድርጎ ከፊሉን ወደ ሥሩ ያወርደዋል፤ ሥሩ ሲሞትና ሲበሰብስ ከካርቦኑ ጥቂቱ በአፈሩ ውስጥ ይቀራል። የዓለም አፈር እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ወደ 1,500 ቢሊዮን ቶን የሚጠጋ ካርቦን ይዟል፤ ይህም ዛሬ በከባቢ አየር ካለው በብዙ ይበልጣል። ከብቱ ሣሩን እየደጋገመ እስከ መሬት ሲግጠው ግን ቅጠል ያጣው ተክል ሥሩን መመገብ ይሳነዋል። በክረምት ደግሞ የራሰው ዋልካ አፈር በኮቴ ይጠቀጠቃል፤ ውሃው መስረጉን ትቶ በላዩ ይፈሳል፤ ቦረቦር ይከፈታል፤ ካርቦኑም ከአፈሩ ጋር ይሄዳል። እበቱ እንኳ ኩበት ሆኖ ምድጃ ስለሚገባ ወደ መስኩ የሚመለሰው ጥቂት ነው።

መስኩን ከፋፍሎ ማሳረፍና ሣሩን አጭዶ መመገብ አዲስ ግኝት አይሻም። በዚሁ በአማራ ክልል፣ በመንዝ፣ የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለግጦሽ እንዲያገለግል ኅብረተሰቡ በመረጣቸው ኃላፊዎች አማካይነት ለተከታታይ ዓመታት እየተዘጋ ይጠበቅ ነበር። «ቄሮ» የተባለው ይህ ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ነዋሪው ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ለብቸናና ለሞጣ ትምህርት የሚሆነው ሕጉ ከተጠቃሚው መውጣቱ ነው። ልቅ ግጦሽ ከላይ በወረደ መመሪያ በአንድ ቀን ቢከለከል፣ ማሳ የሌላትና ሁለት በጎች ብቻ ያሏት እናት ወዴት ትሰማራለች? ከታጨደው ሣር ድርሻዋ አስቀድሞ ካልተቆረጠላት ክልከላውን አልደግፍም።

ከልክ ያለፈ ተስፋም አያስፈልግም። የአፈር ካርቦን ከአሥርተ ዓመታት በኋላ መጨመሩን ያቆማል፤ መስኩ ከታረሰም አብዛኛው ተመልሶ ይወጣል። ከብት ሲያመሰኳ የሚያወጣው ሜቴንም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአገራችን የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ በ2010 ከነበረው 150 ሚሊዮን ቶን ልቀት 65 ሚሊዮኑን የእንስሳት ዘርፍ ድርሻ አድርጎታል። ጥሩ ሣር የምትበላ ላም በእያንዳንዱ ሊትር ወተት የምታወጣው ሜቴን ያንሳል፤ መኖው ሲበዛ መንጋው ከበዛ ግን ትርፉ ይጠፋል። ስለዚህ የከብቱ ቁጥር መነሣት አለበት፤ ውይይቱም ጥቂት ሳምንታት አርሶ ዓመቱን ሙሉ ከሚቀለበው በሬ ቢጀምር ይሻላል።